አንሙትን የሸኘን ዕለት

— ሄሎ! … አቤት! ሉማሜ ነው፣ የሸምሲያ ሱቅ ነው። … አዎ፣ የስልክ ወኪሏ ራሴ ነኝ፤ ሌላ ማን ይሆናል? … ከማርቆስ? በይ አገናኚኝ፣ ማዞሪያ። ካገናኘሽ በኋላ ደግሞ ጆሮሽን አንሺ። ባለፈው ከእህቴ ጋር ያወራሁትን ወሬ ማርቆስ ገበያ ላይ ነው መልሼ የሰማሁት።

— ሄሎ … ማን ልበል? … ማን? … ጮክ ይበሉ፣ ደጁ ላይ እልልታ ነው፣ ምንም አይሰማኝም። … አሃ፣ ግራዝማች ወልደ ሚካኤል! እንደምን ዋሉ፣ ግራዝማች። … ደኅና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። … ልጆቹም ደኅና ናቸው። … እሷም ደኅና ናት። በቅሎዬም ደኅና ናት። ይልቅ ጉዳይዎን ይንገሩኝ። ሸምሲያ እንዴት ከረመች ብለው ስልክ የሚያነሱ ሰው እንዳልሆኑ ሁለታችንም እናውቃለን።

— እልልታው? እንዴ! የወንድምዎ ሽኝት ነዋ! አንሙት ሊመንን ነው ተብሎ ሉማሜ በሙሉ ሥራ ፈትቷል። … ዛሬ፣ አሁን። በደጄ ማለፋቸው ነው። የነፍስ አባቱ ጃንጥላ አስዘርግተው ከፊት፣ ወንዱ መሀል፣ ሴቱ ከኋላ። እስከ ዋርካው ይሸኙታል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም እንዳይከተለኝ ብሏል።

— ምን ይደንቀኛል? የሚደንቀኝስ ሕዝቡ ነው። ሚስቱ ወለተ ሐዋርያት ከሞተችበት ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ቤቱ ጎራ ብሎ «አንሙት፣ ምን በላህ? ምን ጠጣህ?» ያለው አንድ ሰው የለም። አሁን በሬውን ሲያድል፣ ጤፉን ሲያድል፣ ድስት ምጣዱን ሲያድል፣ ዘመዱ ከየጉድጓዱ ወጣ! አንዱን በሬ ለጎረቤቱ፣ አንዱን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠ። ትናንት ሰላምታ የነፈጉት ሁሉ ዛሬ ጉልበቱን ይስማሉ። ሲያስጠሉኝ!

— ለእኔማ? ለእኔም ሰጥቶኛል፤ አልደብቅዎም። ያችን ጥቁር ፍየሉን። ዛሬ ጠዋት እየጎተተ አመጣትና ደጄ ላይ አሰራት። «ሸምሲያ፣ በድዬሽ እንደሆነ ይቅር በይኝ» አለኝ። ምን በድለኸኝ ታውቃለህ አልኩት፤ ሃያ ዓመት ማር ስታመጣልኝ አንድ ቀን የተበላሸ ማር ሰጥተኸኝ አታውቅም። ፍየሏን ተቀበልኩ። እንዲያው ስቀበላት አንድ ነገር ጎርበጥ አድርጎኝ ነበር። ግን ተቀበልኩ።

— ምን? … ይድገሙልኝ። … ፎቶ? የምን ፎቶ?

— ቆይ ልረዳዎት። ዛሬ ቤትዎ ሽማግሎች አሉ። ልጅዎን ለማጨት የመጡ። … እሺ። ትልቅ ቤተ ሰብ ናቸው። … እሺ፣ የአጎታቸው ልጅ ደጃዝማች ነው፤ ገባኝ። እና አንሙት በከሰዓቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ በማርቆስ በኩል አልፎ፣ ከአማቾችዎ ጋር ቆሞ ፎቶ ተነሥቶ፣ ከዚያ ገዳሙ ይግባ ነው የሚሉት? … «ዘራችን መናኝ እንዳለበት ይዩት»? ድንቄም! ሰውዬው ዓለም በቃችኝ ብሎ ሲወጣ እርስዎ ካሜራ ፊት ሊገትሩት! ለመናኙ ኮትም አሰፍተውለት እንደሆነ ይላኩልኝ፣ አልብሼ ልላከው።

— አልተቆጣሁም። እኔ መች እቆጣለሁ። … መመነኑን ከማን ሰሙ ለመሆኑ? … ትናንት? በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ ዕቃ ላከልዎ? ምን ዕቃ?

— ዳዊቱን?

— ቆይ። ቆይ፣ ቆይ፣ ግራዝማች። የቱን ዳዊት? … የአባታችሁን? ያንን የብራናውን? በማኅደሩ ትከሻው ላይ የሚያንጠለጥለውን? … እና ምን ብሎ ላከብህ? … «ለልጆችህ ይሁን፣ እኔ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም»።

— … አለሁ። አልተቆረጠም። እያሰብኩ ነው። አንተ ሲደርስህ ምን አሰብክ? … «ደስ አለኝ»? ደስ አለህ!

— «አንተ» አልኩህ እንዴ? አዎ፣ አልኩህ። እዚህ ደጃፍ ላይ አሞሌ እየሰረቅህ ስትልስ ቂጥህን የመታሁህ ሴት ነኝ። ግራዝማችነትህን ለአንድ አፍታ ካባህ የተሰቀለበት ላይ አብረህ ስቀለውና ስማኝ።

— እኔ እስላም ነኝ። ስለ ገዳማችሁ የማስተምርህ ነገር የለኝም። ግን በዚህ መንገድ ዳር አርባ ዓመት ተቀምጫለሁ፤ መናኝ ሲያልፍ አይቻለሁ፣ ውኃም አጠጥቻለሁ። መናኝ ቤቱን ይተዋል፣ ከብቱን ይተዋል፣ ልጁንም ይተዋል። ዳዊቱን ጥሎ የሄደ መናኝ ካለ ስሙን ጥራልኝ። አንድ። አንድ ብቻ ጥራልኝ። … አየህ? ገዳም ሄዶ ምን ሊደግም ነው ታዲያ?

— «እዚያ ሌላ ይሰጡታል»? ኧረ ወዲያ! አንሙት ያለዚያች ዳዊት ገበያ እንኳ አይወጣም። እኔ ማሩን እስክመዝን ድረስ እንኳ ከፍቶ ያነበንባል። ወለተ ሐዋርያትን ሲቀብር በብብቱ ይዟት ነበር። እሷን ሰጥቶ የሚሄድበት አገር የት ነው? እስቲ አንተ የተማርከው ንገረኝ፣ የት ነው?

— ሰልማ! ሰልማ ልጄ፣ ጨርቁን ተይውና ደጁን እዪ! ሸኞቹ ተመልሰዋል? … እየተመለሱ ነው? እሱስ? … ብቻውን ቀረ? ያ አላህ! ፍቅረ ሥላሴ! አንተ ድሬሰር፣ ስኳሩን አስቀምጥ። … አስቀምጥ አልኩህ! በቅሎዬ ከጓሮ ታስራለች፤ ኮርቻ አትፈልግ፣ እንዲያው ውጣባትና ወደ ዋርካው ብረር። አንሙት ገዳም አይደለም የሚሄደው። … አዎ። አዎ፣ እሱን ነው የምልህ። ተከተለው። ስትደርስበት አትጩህበት፣ አትያዘው፣ እግዚአብሔርን ፍራ እያልክም አትስበክበት። «ሸምሲያ ፍየሏን አልቀበልም ብላለች፣ መጥቶ ይውሰድልኝ ትላለች» በለው። ሰው የሰጠው ነገር ሲመለስበት መምጣቱ አይቀርም። ብቻውን እንዳትተወው! ሂድ!

— ሄሎ? … አለህ? … ድሬሰሩን ነው የላክሁት። የእኛው የጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ፍቅረ ሥላሴ፤ ስኳር ሊገዛ መጥቶ ነበር። … አስፈራሁህ? እሰይ! ትንሽ ፍራ።

— ምን ልል ፈልጌ ነው? ራሱን ሊያጠፋ ነው ልል ፈልጌ ነው። … ለምን ዝም በይ ትለኛለህ? … ማዞሪያዋ ብትሰማስ? ትስማ! አገር ይስማ! አገሩ ሰምቶ ቢሆን ኖሮ መች እልል ይል ነበር!

— ምን አልክ? … ፍትሐት? … አሁን አንተን ያስጨነቀህ ፍትሐት መከልከሉ ነው? ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ መቀበሩ ነው? ሰውዬው እኮ ዋርካው ጋ ነው ያለው! እየተነፈሰ ነው! ወንድምህ ገና ቆሞ እየሄደ አንተ መቃብሩን ትለካለህ። ሰው ነህ ወይ አንተ?

— «አላወቅሁም»። እሺ። አላወቅህም። ቁጭ ብለን ልንጠብቅ አይደል? እስኪመጡ ያላወቅኸውን ልንገርህ።

— ከክረምቱ ጀምሮ አንሙት እንቅልፍ የለውም። ዶፍ እየወረደ መጥቶ እዚህ በረንዳዬ ላይ ይቀመጣል፤ ግባ ስለው አይገባም፤ ምን ልስጥህ ስለው ምንም ይለኛል። ገብሱ ታርሞ አያውቅም፤ እንክርዳድ ዋጠው። አንሙት እርሻውን ጥሎ የሚያውቅ ሰው ነው? ወገቡ ከስቶ መታጠቂያው ሁለቴ ዞሮታል። ይኼን ሁሉ እኔ ያየሁት ነው። ሉማሜም አይቶታል። ምን አልን መሰለህ? ሐዘን ነው፣ ይለቀዋል አልን። ሐዘን በሁለተኛ ዓመቱ እንቅልፍ ሲነሳ ምን ይባላል ብሎ የጠየቀ የለም።

— ለድሬሰሩም ነግሮታል! አዎ፣ አሁን በበቅሎዬ ለላክሁት ለዚያው። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብሎት ሄደ። የቱ ጋ ያምሃል አለው። አንሙት ደረቱን አሳየው። አስፕሪን ሰጠው! በወሩ ተመልሶ ሄደ፤ አሁንም ደረቴ ነው አለው። የኮሶ መድኃኒት ሰጠው! ሰውዬው ልቡ ተሰብሮ ሆዱን አጠቡለት። እኔ ራሴ ነኝ ኋላ ያፋጠጥኩት፤ «እኔ የተማርኩት ቁስል ማጠብ ነው፣ ሸምሲያ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሌላ ያስተማረው የለም። ለከብት በሽታ በላንድሮቨር ይመጣሉ፣ በሬና ጊደር ተሰልፎ ይወጋል። ለወባ ቤት ለቤት እየዞሩ ግድግዳችንን ይረጩታል። ሰው መኖር ሲያስጠላው ወዴት ይሂድ ብትል፣ አንድ ቤት አዲስ አበባ አለ ይሉሃል፤ እሱም ለለየለት እብድ ነው ይሉሃል። እስኪለይለት ይጠብቅ ማለት ነው!

— የነፍስ አባቱማ! እሳቸው ጋም ሄዷል። «ኑሮ መረረኝ፣ አባ፣ ምንም ነገር አያስደስተኝም» አላቸው። «እሰይ ልጄ፣ ዓለምን ንቀሃል፣ ጥሪ ነው» አሉት። ጥሪ! ሰው ጥሩኝ፣ ያዙኝ ሲል እሳቸው መርቀው ሰደዱት። ከዚያ ወሬው ወጣ። አንሙት ሊመንን ነው። አንተ ራስህ ልመንን ነው ሲል ሰምተኸዋል? … እኔም አልሰማሁ። ማንም አልሰማም። እኛው አወራን፣ እኛው አመንን፣ እኛው እልል አልን። እሱ ዕቃውን ሲያድል አፋችንን ከፍተን አየነው። በሌላ አገር ሰው ከብቱን አድሎ፣ ይቅርታ ለምኖ፣ ቤቱን ባዶ ሲያደርግ ምን ነካህ ይሉታል። እዚህ ጃንጥላ ይዘረጉለታል።

— አንተ ጋስ መች ቀረ? በመስቀል ማግሥት ማርቆስ ድረስ በእግሩ አልመጣም? … መጣ እንጂ! አንተ ያን ቀን ዳኝነት ነበረህ አሉ። አሽከርህ እልፍኝ አስገብቶ እንጀራ አቀረበለት። አንድ ቀን ሙሉ ጠበቀህ፣ በነጋታው ተመለሰ። «አገኘኸው?» ብለው ምን አለኝ መሰለህ? «ወልዴ ሥራ በዝቶበታል፤ ትልቅ ሰው ሆኗል እኮ፣ ሸምሲያ» አለኝ። ደስ እያለው! አንተን ሲያመሰግን ነበር! እኔ ብሆን እረግምህ ነበር።

— … ታለቅሳለህ እንዴ? አታልቅስ። አሁን ልቅሶህ ለማን ይጠቅማል? ለሽማግሎቹ እንዳይሰማቸው ብቻ!

— ሄሎ? ሄሎ! … አንቺ ማዞሪያ፣ ምን ገባሽ? … ደቂቃው አለቀ? ቀጥይልኝ። … ሌላ ሰው ይጠብቃል? ይጠብቅ! አንቺ ሁሉንም ሰምተሽ የለ፤ ሰምተሽ ብትቆርጪው ነገ ማርቆስ መጥቼ ጸጉርሽን ነው የምነጭልሽ። … እንዲያ ነው። ተባረኪ።

— ወልደ ሚካኤል፣ አለህ? … እኔም ከእናንተ አልሻልም፣ እሱን ልንገርህ። ፍየሏን ስቀበል ዓይኑን አይቼዋለሁ። ተቀብዬ ምን እንዳሰብኩ ታውቃለህ? ለመውሊድ ትደርስልኛለች አልኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ። ከልጅነቱ የማውቀውን ሰው ዓይን አይቼ ስለ ሥጋ አሰብኩ።

— ሰልማ፣ ምን ታያለሽ? … በቅሎዋ? … ሰው አለባት? … አንሙት ነው የተቀመጠባት? ድሬሰሩ ይጎትታል? … አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ! ወልደ ሚካኤል፣ እየመጡ ነው! ወንድምህ በቅሎ ላይ ነው፣ በሕይወት አለ፣ አየሁት! … እንዳትዘጋው! ስልኩን ብትዘጋ ወላሂ አልምርህም።

— ና፣ ግባ አንሙት። ግባ። እዚህ፣ የጨው ጆንያው ላይ ተቀመጥ። ሰልማ፣ ውኃ። … ፍየሏን? ፍየሏንማ አልፈልጋትም። አጥሬን በላችብኝ። ቁጭ በል መጀመሪያ። ፍቅረ ሥላሴ፣ የት አገኘኸው? … ወልደ ሚካኤል፣ ትሰማለህ? ከዋርካው ፈቅ አላለም ነው የሚለኝ። እነዚያ እልል ብለው ሸኝተውት የተመለሱበት ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ ነው ያገኘው። አንድ ሰው ዞር ብሎ ቢያየው ያየው ነበር። አንድ ሰው ዞር አላለም!

— አንሙት። እየኝ። ወደ እኔ እየኝ። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ብትዋሸኝ አልቀየምህም፣ ግን አትዋሸኝ።

— አንተ ምን ትንጫጫለህ በዚያ ስልክ ውስጥ? … «አትጠይቂው፣ ሐሳቡን ታስገቢበታለሽ»? ሐሳቡማ ገብቶ ከርሟል! ዝም በልና ስማ።

— አንሙት፣ ራስህን ልታጠፋ ነበር?

— …

— አዎ አለ። … ሰማህ፣ ወልደ ሚካኤል? አዎ ነው ያለው። መሬት መሬት እያየ፣ ግን በአፉ ነው ያለው። … እያለቀሰ ነው። ያልቅስ። ወለተ ሐዋርያትን ሲቀብር እንኳ እንዲህ አላለቀሰም። ድሬሰሩም እያለቀሰ ነው፤ ይኼ ደግሞ ሐኪም ነኝ ይለኛል! … አይዞህ፣ አንሙት። አይዞህ የእኔ ወንድም። አልቆጣህም። ማንም አይቆጣህም፤ የሚቆጣህ ቢኖር ከእኔ ጋር ነው። እኛ ነን የምናፍር፣ አንተ ምን አደረግህ?

— ጎንህ የያዝከውን ስጠኝ። … አዎ፣ እሱን። … ጎሽ። ሰልማ፣ ከነመጠቅለያው ሣጥን ውስጥ ቆልፊው፣ ቁልፉን ለእኔ አምጪ። አትፍቺው፤ ምን እንደሆነም አትጠይቂኝ።

— ሄሎ … አለሁ። ምን ይደረግ ነው የምትለው? … አሽከሮች ትልካለህ? ለምን? … አስረው ጸበል ሊወስዱት? እንዴት ያለኸው ነህ አንተ! ጸበሉን ይሂድ፣ እኔ አልከለክለው፤ እምነቱ ነው። ግን በገመድ ታስሮ ነው የሚሄደው? ሌባ ነው? «እንዳያመልጥ»! ይኸው እኮ ማንም ሳይዘው መጥቶ ጆንያዬ ላይ ተቀምጧል። በመልካም ቃል የሚመጣን ሰው በገመድ! አሽከር አልፈልግም። አሽከርህ እንጀራ ሲያቀርብለት አይተናል።

— ቆይ፣ ድሬሰሩ የሚለው አለው። … ቀስ ብለህ ንገረኝ፣ እኔ ላቀብለው። … ማርቆስ ሆስፒታል ያለው ዶክተር እንቅልፍ የሚሰጥ መድኃኒት አያጣም ይላል። ወረቀት እጽፍለታለሁ ይላል። ከዚያ አዲስ አበባ ለዚሁ የተማሩ ሐኪሞች አሉ፤ እብድ ብቻ አይደለም የሚያዩት፣ እንዲህ ያለውንም ያያሉ፣ የዳነ ሰው አውቃለሁ ይላል። … እስከዛሬ ይኼን የት ደብቀኸው ነበር አንተ? … «ያልጠየቀኝን ምን ልበል»! አያችሁልኝ? ኮሶውንም አልጠየቀህ፣ ሰጠኸው! … እሺ፣ ቀጥል። … ወልደ ሚካኤል፣ ብቻውን መሄድ የለበትም ይላል። መንገድ ላይም፣ እዚያም፣ ሲመለስም፣ አጠገቡ ሰው ይኑር ነው የሚል። ቤቱ ብቻውን እንዳያድር፣ መድኃኒቱንም ሰው ይያዝለት ይላል። በመጀመሪያው መድኃኒት ባይሻለው ሌላ ይሞከራል፤ ተስፋ እንዳይቆርጥ የሚያበረታው ሰው ያስፈልገዋል ይላል።

— ሰው ነው የሚፈልገው። አሽከር አላለም፣ ብር አላለም፣ ሰው።

— አንሙት፣ ማን ይምጣልህ? … ከሁሉ ማንን ትፈልጋለህ? … ማን? ድምፅህን ከፍ አድርገው፣ የኔ ወንድም።

— …

— «ወልዴ» አለ። … ሰማህ? ግራዝማች አላለም። «ወልዴ ቢመጣ» ነው ያለው። … «ሥራ ከሌለበት» ብሎ ጨመረበት ደግሞ። አላህ ያሳይህ፣ በዚህ ሰዓት እንኳ ለአንተ ሥራ ይጨነቃል!

— …

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ወልደ ሚካኤል፣ ትሰማኛለህ? … ታዲያ መቼ ትነሣለህ?

— ነገ? ነገ አልከኝ? … ሽማግሎቹ ገና ምሳ አልቀረበላቸውም። እሺ። … ደጃዝማቹ ሊመጡ ይችላሉ። እሺ። … ልጅህ ታፍራለች። … ሰዎቹ ምን ነካው ይሉኛል፣ ዘሩ ላይ ነገር አለ ብለው ጋብቻውን ይተዉታል። እሺ። ጨረስክ? … አልጨረስክም? ቀጥላ፣ እኔ ጊዜ አለኝ። … ጨረስክ።

— እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አሁን በዚህ ስልክ «ወንድምህ ሞቷል» ብልህ ኖሮ ምን ታደርግ ነበር? … መልስልኝ። … አዎ! ምሳው ተጥሎ፣ ጥቁር ተለብሶ፣ በቅሎ ተጭኖ! ሽማግሎቹ ራሳቸው ከፊት ከፊትህ ይወጡ ነበር። ደጃዝማቹ መኪናቸውን ይሰጡህ ነበር። አገሩ በሙሉ ሉማሜ ላይ ይፈስ ነበር፤ ድንኳን ተተክሎ፣ ሰባት ቀን ጠጠር መጣያ ይጠፋ ነበር። ለምን ቀረህ የሚልህ ሰው አይኖርም፣ ለምን ሄድክ የሚልህም አይኖርም። ለሞተ ወንድም ፈቃድ አይጠየቅም። በሕይወት ላለ ወንድም ግን ምሳው እስኪያልቅ ነው! እንዴት ያላችሁ ጉደኞች ናችሁ! ለሬሳ ሰባት ቀን ስትቀመጡ አይደክማችሁ፤ ሰውየው ሳለ አንድ ከሰዓት መቀመጥ ያቅታችኋል! እኛም እስላሞቹ ብንሆን ከእናንተ አንሻልም፤ ቀብር ላይ ነው የምንገናኘው።

— አልተሳደብኩም። … ተሳደብኩ። ይገባሃል።

— አውቶቡስ የለም? የጭነት መኪና አለ። ወደ ደጀን የሚወርደው ሁሉ በደጃፌ ነው የሚያልፈው። ጤፍ ላይ ተቀመጥና ና። በቅሎም አለህ። እግርም አለህ፤ እሱ በእግሩ አልመጣልህም? እስክትደርስ እኔ ሱቁን ዘግቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ድሬሰሩም አለ፤ ሰልማም አለች። እነዚያ እልል ያሉትንም አንድ በአንድ ጠርቼ ተራ አስገባቸዋለሁ። በሬ የወሰደው ይመጣል፣ ጤፍ የወሰደው ይመጣል። ጉልበት መሳም የሚወድ ሁሉ መጥቶ እግሩ ሥር ይቀመጥ። ግን እሱ የጠራው አንተን ነው። እኔ ብቀመጥ፣ ሉማሜ ብትቀመጥ፣ የጠራው አንተን ነው።

— …

— ምን አልክ? … አልሰማሁህም፣ ድገመው። … ትመጣለህ? ዛሬ? አሁን? … የልጅህን ነገር ተወው፤ ወንድሙ ስለታመመበት ሰው ጋብቻ የሚያፈርስ ቤት ልጅህን ቢተዋት ግልግል ነው።

— «ለሰዎቹ ምን ልበላቸው»? እንዴት ምን ልበላቸው ትለኛለህ? ስድሳ ሰው ፊት ችሎት የምትናገር ሰው አይደለህ? … አትዋሽ። ሞተ ብለህ እንዳትወጣ ብቻ! እሱን ነው የምፈራልህ፤ ይቀልሃላ። … አዎ። እውነቱን እንዳለ። … እስቲ በለው፣ ልስማህ። … አልሆነም፣ አፍህ ውስጥ ነው የምታወራው። ደግመህ በለው። … አዎ! እንዲያ ነው። ግባና በዚህ ድምፅ በላቸው፦ ወንድሜ አልሞተም፣ ልሄድ ነው።

— በል ዝጋው።